መርሳን አለመርሳት

ስሟ መርሳ ይሁን እንጂ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ያለፈ መንገደኛ አይረሳትም። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ብርቱካኑና ማንጎው መስኮት ሥር ይደርሳል። ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ወደ ምሥራቅ አገሩ እየዘቀዘቀ አፋር በረሃ ይገባል። ከተራራው የሚወርደው ምንጭና ወንዝ በቦይ ተጠልፎ የሐብሩን ፍራፍሬ ያጠጣል። እኛም ልጣጩን በመስኮት እየወረወርን «እንዴት ያለ ገነት ነው!» ብለን እናልፋለን።

አንድ ጊዜ ግን ወረድኩና ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሰማንያ የዘለሉ አባት ነበሩ። «አባባ፣ መቼም እናንተ አገር ረሃብ አይታወቅም» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይሄን አስፋልት ታየዋለህ? በስድሳ አምስት ሰው የረገፈው እሱ ዳር ነው። ቦይ የደረሰለት በላ፤ ያልደረሰለት መንገድ ወጣ።»

አፈርኩ። ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ አገር ማንበብ አልቻልኩም ማለት ነው።

ይህ እኮ የየጁ ምድር ነው። ከ1770ዎቹ እስከ 1845 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ንጉሥ ሲያነግሡና ሲሽሩ የኖሩት የወረ ሼህ መሳፍንት አገር። የ1881ዱ ውል የተፈረመባት ውጫሌም ከዚሁ ጎዳና ላይ ናት። ታሪኩ ሞልቷል። ሆኖም በ1965 ዝናብ ሲጠፋ ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ቀዬውን ጥሎ ወደዚህ አስፋልት ወጣ፤ መኪና እያስቆመ ለመነ። መንግሥት ሸፋፈነው። ጥቅምት 8 ቀን 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ዓለም የደነገጠው።

ኋላ ነገሩን የመረመረው ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያሳየን ደግሞ የባሰ ነው። በአገር ደረጃ እህሉ ከወትሮው ብዙም አላነሰም። ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚጫን እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዣ አቅም ነው። ልብ በሉ፤ እህል የሚጫንበትና ሰው የሚወድቅበት መንገድ አንድ ነበር!

እዚያው ሐብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ድርቅ የሚችል ማሽላ ለማውጣት ሲደክም የኖረው ያ ቀን እንዳይደገም ነው። እሱም በ2013ና በ2014ቱ ጦርነት ተዘረፈ።

እናም ወዳጆቼ፣ በመርሳ ስታልፉ ተራራውን አድንቁ፣ ብርቱካኑንም ግዙ። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ቦዩ እስከ የት ይደርሳል?