የልጅ ቂም ያላፈረሰው ግንብ

በእንግሊዝ አገር በኖርዝአምፕተንሻየር፣ ኔን በሚባለው ወንዝ ዳር ሣር የለበሰ ጉብታ አለ። ግርጌው ላይ በብረት አጥር የተከለለ አንድ የድንጋይ ክምር ይታያል። ከፎዘሪንጌይ ግንብ የተረፈው ይኸው ነው።

ምሽጉን እ.ኤ.አ. በ1100 ገደማ ያቆመው ሲሞን ደ ሴንሊስ የተባለ መስፍን ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን የተደረገ የንብረት ቆጠራ ግቢውን ቤት በቤት ይዘረዝረዋል፦ ትልቅ አዳራሽ፣ ሁለት እልፍኝ፣ ሁለት ጸሎት ቤት፣ ወጥ ቤት፣ በድንጋይ የተሠራ ዳቦ መጋገሪያ፣ ከበሩ ሥር የሚነሳ ድልድይ። እዚያው «ማኖር» የሚባል፣ የርስቱ ቤቶች ያሉበት ሌላ ስፍራ ነበር። ሁሉም በአንድ ላይ አራት ሄክታር ያህል ይሆናል። እኔን ከነገሥታቱ ሁሉ ይበልጥ የምትማርከኝ ዳቦ መጋገሪያዋ ናት፤ እዚያ ሰው በየቀኑ ይነሣ፣ ያቦካ፣ ይበላ እንደነበር የምትመሰክር እሷ ናትና።

በ1377 ርስቱ ኋላ የዮርክ መሳፍንት በሆነው ቤተሰብ እጅ ገባ። ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ በ1452 የተወለደው እዚህ ነው።

ግንቡን ዓለም የሚያውቀው ግን በአንዲት ንግሥት ሞት ነው። ከአገሯ ሸሽታ በ1568 እንግሊዝ የገባችው የስኮትላንዷ ሜሪ፣ ከ18 ዓመት በላይ በእስር ስትንከራተት ቆይታ፣ በ1586 ወደ ፎዘሪንጌይ ተወሰደች። የእንግሊዝን ንግሥት ኤልሳቤጥን ለማስገደል አሲራለች ተብላ እዚያው ለፍርድ ቀርባ ሞት ተፈረደባት። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587 በትልቁ አዳራሽ፣ በ44 ዓመቷ አንገቷ ተቀላ። የመጀመሪያው ምት አንገቷን ስቶ ጭንቅላቷን መታው። ነገሩ ሲያበቃ ከቀሚሷ ሥር ትንሽ ውሻዋ ተገኘች፤ ከሬሳዋ አልለይም አለች። ሰው ለበረከት እንዳይወስደው በሚል ደም የነካው ሁሉ ተቃጠለ።

ልጇ ጄምስ በ1603 የእንግሊዝን ዙፋን ወረሰ። የእናቱን ደም ለመበቀል ግንቡን ከሥሩ አስናደው የሚል ወሬ ለዘመናት ሲነገር ኖሯል። ወሬው ልብ ይነካል፤ እውነት ቢሆን ደስ የሚለው ብዙ ነው። ነገር ግን ጄምስ በሞተበት በ1625 የተደረገ ቅየሳ ግንቡ ያኔም ቆሞ እንደነበር ያሳያል። ፎዘሪንጌይን የጣለው ቸልታ ነው። የሚጠግነው ጠፋ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፈራረሰ፤ ድንጋዩም እየተጫነ ለሌላ ቤት ሄደ። አውንድል በምትባለው ጎረቤት ከተማ ያለው ታልቦት ሆቴል ደረጃው ከዚያ የመጣ ነው ይባላል፤ ንግሥቲቱ ወደ መሞቻዋ የወረደችበት ደረጃ።

በበጋ ጉብታው ላይ ኮሸሽላ ያብባል። ኮሸሽላ የስኮትላንድ ምልክት ነው፤ የአካባቢው ሰው «የንግሥት ሜሪ እንባ» ይለዋል።