ፍላሽን ከኮምፒዩተር የማሰናበት ሥርዓት አመጣጥ

በቤት ኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ፍላሹን ከመንቀሉ በፊት በስክሪኑ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ የማሽኑን ፈቃድ እንዲጠባበቅ የሚያስገድደው ሥርዓት፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው ከዩኤስቢ ጋር አብሮ የተወለደ ሳይሆን፣ ዩኤስቢን በሩብ ምዕተ ዓመት የሚቀድም ነው። በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ የተደረሰው ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በወጣው በመጀመሪያው መምሪያ መጽሐፉ፣ ተነቃይ ዲስክ ሲገባ ለማሽኑ የሚያስታውቅ አንድ ትእዛዝ፣ ሲወጣም የሚያሰናብት ሌላ ትእዛዝ ደንግጎ ነበር።

ምክንያቱ ዲስክ ከማሽኑ ሜሞሪ ይልቅ እጅግ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። የችሎት ጸሐፊ የሰማውን በብጣሽ ወረቀት ይዞ ቆይቶ፣ ችሎቱ ሲነሣ ወደ ዋናው መዝገብ እንደሚገለብጠው፣ ማሽኑም እንዲጽፍ የታዘዘውን ለጊዜው በሜሞሪው አኑሮ፣ ጥቂት ከተጠራቀመለት በኋላ በአንድነት ወደ ዲስኩ ያሰፍረዋል፤ ከዚያ በፊት መዝገቡን የነጠቀ ሰው ጎደሎ መዝገብ ይዞ ይሄዳል፤ ይባስ ብሎም የፋይሎቹ ማውጫ ራሱ እኩል ላይ ተቋርጦ፣ ቀድሞ በደኅና የተጻፈው ሁሉ የማይነበብ ሊሆን ይችላል።

በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ለዲስኬቱ ማስወጫ አዝራር ስላልነበረው፣ በቀጭን ሽቦ ካልተጎረጎረ በቀር፣ ዲስኬቱን መልሶ የሚሰጠው ማሽኑ ራሱ በሞተር እየገፋ ነበር። ለዚህ ሲባል የዲስኬቱን ሥዕል ወደ ቆሻሻ መጣያው እንዲጎትቱ ሰዎችን ማዘዝ ግን፣ ጽሑፋቸውን የሚያጠፉ እንዲመስላቸው የሚያደርግ፣ ለእኔ እስከ ዛሬ ያልተዋጠልኝ ብልኃት ነው።

ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና አይቢኤም ያሉባቸው ሰባት ኩባንያዎች በጥር 1996 የመጀመሪያውን የዩኤስቢ ደንብ ሲያወጡ፣ መሐንዲሶቹ ማሽኑ ሳይጠፋ መንቀልን አስቀድመው አስበውበት ነበር፤ ይኸውም በመሰኪያው ውስጥ ከተደረደሩት አራት የብረት ልሳናት፣ ኃይል የሚያመላልሱት ሁለቱ የዳር ልሳናት መረጃ ከሚያመላልሱት ከመካከለኞቹ ረዝመው ስለተሠሩ፣ ሲሰካ ኃይል ይቀድማል፣ ሲነቀልም ኃይል መጨረሻ ይወጣል። እንግዲህ በኤሌክትሪክ በኩል ድንገተኛው ነቀላ ተፈቅዷል፤ ገና ያልሰፈረውን ጽሑፍ የሚጠብቅ የብረት ልሳን ግን የለም።

ይህም ችግር ጎልቶ የወጣው በ2000 መገባደጃ፣ አይቢኤም የእስራኤሉ ኤም-ሲስተምስ የሠራውን 8 ሜጋባይት የሚይዝ ፍላሽ በአሜሪካ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ዲስክ በኪስ የሚዞር ዕቃ ሲሆን ነው። በኮፒ ቤት ሰልፍ ላይ ቸኩሎ የሚነቅል ሰው የማሽኑን ፈቃድ ይጠብቃል ማለት ዘበት ነውና፣ ማይክሮሶፍት በ2018 በዊንዶውስ 10 ማሻሻያው፣ ለተነቃይ ዕቃዎች ጽሑፍን ማቆየት እንዲቀርና ወዲያው መንቀል እንዲቻል የሚያደርገውን ምርጫ ቀዳሚ አደረገው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዊንዶውስ ላይ፣ ቅጂው ማለቁ የተረጋገጠ ፍላሽ ያለ ስንብት ቢነቀል የሚያስወቅስ አይደለም፤ በማኪንቶሽና በሊኑክስ፣ እንዲሁም ለፍጥነት ሲባል ጽሑፍ እንዲያቆይ በተደረገ የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ስንብቱ ዛሬም ግዴታ ነው።