የማድ ወይንና ገዢዎቹ

ገበሬ በፍሬው ላይ ሻጋታ ሲያይ ይደነግጣል። በሰሜን ምሥራቅ ሀንጋሪ፣ በማድ መንደር የሚኖር ወይን አምራች ግን የሚጨነቀው ሻጋታው በጊዜው ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች የሚኖሩባት ይህች መንደር ጥንት በእሳተ ገሞራ በተፈጠሩ ኮረብቶች መካከል ተቀምጣለች። ብዙም ሳይርቅ፣ ቶካይ ከተማ ላይ፣ ቲሳና ቦድሮግ የተባሉት ወንዞች ይገናኛሉ። በመጸው ጠዋት ከወንዞቹ የሚነሳው ጉም ወይኑን ያረጥበዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ቦትራይተስ የሚባለው ሻጋታ በዚህ መሐል የፍሬውን ቆዳ ይበሳል። ውኃው ይተናል፤ ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ግን በተጨማደደው ፍሬ ውስጥ ይከማቻል። ሀንጋሪዎች ይህን ዘቢብ መሰል ፍሬ «አሱ» ይሉታል። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ የመንደሯ ሀብት የመጣው ከዚሁ ብልሽት ነው።

አሱ በዘለላ አይቆረጥም። ለቃሚዎች በአንዱ ማሳ ደጋግመው እየተመላለሱ የደረቀውን ፍሬ አንድ በአንድ ይነጥላሉ። በድሮው ልማድ ፍሬው «ፑቶኝ» በሚባል፣ በጀርባ በሚታዘልና 25 ኪሎ ያህል በሚይዝ የእንጨት ዕቃ ይሰፈራል። ከዚያም ለ136 ሊትር በርሜል በተመደበ ጭማቂ ወይም ወይን ጠጅ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ለአንድ በርሜል የገባው የፑቶኝ ቁጥር በጨመረ መጠን ጣፋጭነቱም ዋጋውም ይጨምራል። ወይን ጠጁ ከዚያ በኋላ በለስላሳው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ በተፈለፈሉ፣ ግድግዳቸው ጥቁር ሻጋታ በለበሰ ዋሻዎች ለዓመታት ያርፋል።

አገሬው የአሱን ጅማሬ ላትስኮ ማቴ ሴፕሺ ከተባለ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰባኪ ጋር ያያይዘዋል። የቱርክ ጦር መጣ ሲባል መከሩ ዘገየ፤ ፍሬው ሻገተ፤ እሱም ሳይጥለው ጨመቀው ይላል ትረካው። በ1571 የተጻፈ ሰነድ ግን አሱን ቀድሞ ይጠቅሳል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መሬቱና ጉሙ ግን የማድን ውጣ ውረድ አይነግሩንም። ኮረብታውም ሻጋታውም ያው ነበሩ። የተለዋወጠው የወይኑ ገዢ ነው፤ ገዢው በተለዋወጠ ቁጥርም ወይን ጠጁ አብሮ ተለውጧል።

የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛ የፖላንድ መኳንንት ነበሩ። በርሜሎቹ በጋሪ ተጭነው የካርፓቲያን ተራሮችን እየተሻገሩ ወደ ክራኮቭ ይሄዱ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሀብስበርግ ሥርወ መንግሥት ላይ ያመፀው የትራንሲልቫኒያ መስፍን ራኮትሲ ፈረንትስ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ከዚሁ ወይን ጠጅ ልኳል፤ አሱ የዲፕሎማሲ እጅ መንሻም ነበር። የሩሲያ ቤተ መንግሥትም ወይን የሚገዙለትን ሹማምንት ቶካይ ላይ አስቀምጦ ነበር። ዝናው ሲሰፋ ሌላ ቦታ የተሠራ ወይን ጠጅ በቶካይ ስም መሸጥ ጀመረ። በ1737 የወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ወይን ጠጃቸው ቶካይ ለመባል የሚበቃውን መንደሮች በስም ዘርዝሮ ወሰነ፤ ማድም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ይህም በዓለም ከቀደሙት የወይን ክልል ድንበሮች አንዱ ነው።

የንግዱን ሸክም በትከሻቸው የተሸከሙት ደግሞ በተለይ ከፖላንድ በኩል የመጡ አይሁድ ነጋዴዎች ነበሩ። የሃይማኖታቸው ሕግ ወይን ጠጅ ኮሸር (የተፈቀደ) ይሆን ዘንድ ከመጭመቅ ጀምሮ እስኪታሸግ ድረስ ሕጉን በሚጠብቅ አይሁዳዊ እጅ እንዲያዝ ያዛል። ስለዚህ ከሌላው የተሠራውን ተቀብለው መሸጥ ብቻ አልበቃቸውም፤ መጭመቂያውም ማከማቻውም ውስጥ ራሳቸው ገቡ። በማድ ምን ያህል እንደበለጸጉ በባሮክ የሕንፃ ስልት በ1795 የተሠራው ምኩራብ ይመሰክራል። ውጪው ነጭና ጭምት ነው፤ ውስጡ በቀለምና በጌጥ የተዋበ ነው። አጠገቡ የረቢው ቤትና ትምህርት ቤት ነበሩ። እስከ 1932 ለዐሥርት ዓመታት እዚያ የኖሩት ረቢ ሞርደካይ ሌብ ዊንክለር በሕግ ጥያቄ መልሶቻቸው ከሀንጋሪ ውጭም የታወቁ ሊቅ ነበሩ።

ምኩራቡ ሲሠራ ግን የፖላንድ ገበያ መጥበብ ጀምሮ ነበር። ከ1772 ጀምሮ ጎረቤቶቿ ፖላንድን ሲከፋፈሏት ወይኑ የሚያልፍበት መንገድ በአዲስ ድንበርና ጉምሩክ ተዘጋጋ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የወይኑን ሥር በልቶ ማሳዎቹን አወደመ። ተክሉ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተዳቅሎ እንደገና ለማ።

ዳግም የማይተካው ጥፋት የመጣው በ1944 ነው። ጀርመን በመጋቢት ሀንጋሪን ከያዘች በኋላ የሀንጋሪ ጀንደርማ (የገጠር ፖሊስ) የገጠሩን አይሁዳውያን ከየቤታቸው ሰበሰበ። የማድ አይሁዳውያን በሻቶራልያኡይሄይ ከተማ ጌቶ በኩል ወደ አውሽቪትስ የሞት ካምፕ ተጫኑ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ከመላ ሀንጋሪ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ተግዘዋል። ማድ በአንድ የፀደይ ወቅት ጎረቤቶቿን፣ ነጋዴዎቿንና ገበያውን የሚያውቅ ትውልድ አጣች። ጥቂቶች ተርፈው ቢመለሱም ማኅበረሰቡ መልሶ አልቆመም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገዢው አንድ ሆነ፤ መንግሥት። ከመንግሥቱ ጀርባ ደግሞ ብዛት እንጂ ጥራት የማይጠይቅ የሶቪየት ገበያ ነበር። ትራክተር የማይወጣቸው ቀጥ ያሉ ዳገቶች ተተዉ፤ ወይኑ ወደ ሜዳው ወረደ። የየኮረብታው ምርት በአንድ ማጠራቀሚያ ተቀላቀለ። ለዘመናት ተለይተው የሚታወቁት የኙላሶ፣ የቤቼክና የሰንት ታማሽ ማሳዎች ስም ከጠርሙሱ ላይ ጠፋ።

የኮሙኒስቱ ሥርዓት ሲወድቅ ያ ገበያም አብሮ ወደቀ። በ1990 እንግሊዛዊው የወይን ጸሐፊ ሂዩ ጆንሰን ከአጋሮቹና ከማድ አምራቾች ጋር ሮያል ቶካይን አቋቋመ። የማሳዎቹ ስም ወደ ጠርሙሱ ተመለሰ። የማዱ አምራች ኢሽትቫን ሴፕሺ ደግሞ ጣፋጩን አሱ ወደ ቀድሞ ክብሩ ከመለሱት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ኡራጃ ከተባለው ማሳ ከ2000 ምርት፣ ፉርሚንት ከተባለው የወይን ዝርያ፣ ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ወይን ጠጅ ሠርቶ ብዙዎችን አስገረመ። በ2002 ዩኔስኮ አካባቢውን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ምኩራቡም ታድሶ፣ ምእመናን ባይኖሩትም፣ የአያቶቻቸውን ሥፍራ ፍለጋ የሚመጡ ሰዎችን ይቀበላል።

ዛሬ ጣፋጭ ወይን ጠጅ የሚገዛው ሰው እንደ ድሮው ብዙ አይደለም። ማድ ግን የፖላንድን፣ የአይሁድ ነጋዴዎቿንና የሶቪየትን ገበያ ተራ በተራ ያጣች መንደር ናት፤ በአንድ ገዢ መታመን የሚያስከፍለውን ታውቃለች። አምራቾቿ ከዚያው ኮረብታ ሻጋታው በመጣበት ዓመት አሱን፣ ሳይመጣ በቀረበት ዓመት ደረቁን ፉርሚንት ይሠራሉ። ማሳውን በስሙ ለይቶ የሚጠይቅ ገዢም አግኝተዋል፤ እንዲህ ያለው ገዢ እስካለ ድረስ ዳገቱን ማረስ ያዋጣል።