ሰም ሲወርድ፣ ፖሊሽ ሲወጣ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ሳያርፍ አያልፍም። እኛም አረፍን። ሻይ ብለን ነበር የወረድነው፤ ያቆየን ግን ሻዩ አልነበረም። ከአንድ የጭነት መኪና ስፖንዳ ውስጥ በገመድ የተጠፈረች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ቀይ የስፖርት መኪና አየን። አሮጌ ናት። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ቀለሟ ሊታደስ መሄዷ ነው አሉን። ቀይ ናት ማለታችንም ለወጉ ያህል ነው። ኮፋኖዋና ጣሪያዋ ነጥቶ ሮዝ መስሏል፤ ጣት ሲያርፍበት እንደ ጠመኔ ይቦናል።

የላቫጆው ልጆች ወዲያው ከበቧት። ስንት ተሳቢ ሲያጥቡ የዋሉ ልጆች ናቸው፤ ለዚች ግን ሌላ ዓይን አላቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን በነጻ እንወልውልልህ?» አለ አንዱ።

«በደረቅ ጨርቅ የነካት ወዮለት!» አለ ሾፌሩ።

«ምነው ጋሼ?» አልነው እኛ ጣልቃ ገብተን።

«የፈንታሌ አቧራ እኮ ነው ልጆቼ፤ መስተዋት ነው። ከዚህስ በብርጭቆ ወረቀት ብትፍቋት ይሻላታል። ተማሪ አይደላችሁም እንዴ?»

ተማሪዎች ነን፤ ነገር ግን ይህን አልተማርንም። ፈንታሌ እሳተ ገሞራ መሆኑን በጂኦግራፊ አንብበናል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ደቃቅ ብርጭቆ እንዳለበት፣ ያንን በደረቅ ጨርቅ መኪና ላይ ማሸት ቀለሙን የሸረሪት ድር አስመስሎ እንደሚጭር ግን ያስተማረን ያ ሾፌር ነው። የቀረውን መንገድ ሁሉ ስለዚህ ነገር ስንከራከር ሄድን። ይህች ጽሑፍ የዚያ ክርክር ልጅ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ያህል፣ ባገራችን አፍ «ፖሊሽ» የምንለው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አንደኛው መፋቅ ነው። ደቃቅ አሸዋነት ባለው ቅባት ቀለሙ ይታሻል፤ በፀሐይ የሞተው ላይኛው ቆዳ ይነሣና ሕያው የሆነው ሥሩ ይወጣል። ሁለተኛው ማልበስ ነው፤ ሰም ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ይወለወላል። ፋቂው ከቀለሙ ይወስዳል፤ ሰሙ በቀለሙ ላይ ይጨምራል። በዛሬ መኪና ላይ ከቀለሙ በላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። ከሰው ጸጉር ይቀጥናል ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚፋቅ መኪና ሁልጊዜ እያበራ ያልቃል። እንዲህ ያለ አበራር በመኪና ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ይሁንና ወደ መኪናችን እንመለስ።

ወዳገራችን አውቶሞቢል የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ የሚባለውን መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሣ፤ መንገድ በሌለበት በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀመጡበት። በዚያ ዘመን የመኪና ቀለም የሠረገላ ቀለም ነው። በብሩሽ ደርበው ደራርበው ይቀቡታል፣ ቨርኒሽ ያለብሱታል፣ ሲደርቅ ሳምንታት ይፈጃል። ሳምንታት የፈጀ ቀለም በፀሐይ ቶሎ ይሰነጠቃል። በመሆኑም ሰም መቀባት ለባለመኪና ሁሉ የግድ ሆነ። በአሜሪካ ሺካጎ ከተማ ሲሞናይዝ የተባለው የሰም ፋብሪካ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ተቋቋመ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መኪና ሰም መቀባትን በፋብሪካው ስም እስከ መጥራት ደረሱ። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዱፖንት ዱኮ የተባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ለመኪና ፋብሪካዎች አቀረበ፤ ሳምንታት የፈጀው ሥራ በሰዓታት አለቀ። ያ ቀለም ግን ቶሎ ይደበዝዛል፤ ካልታሸ አያበራም። መኪናው በበዛ ቁጥር ቆርቆሮ ሙሉ ፖሊሽ አብሮ በዛ።

እዚህ ላይ ነው ክርክራችን የጦፈው። ለመሆኑ ሰሙ ከየት መጣ?

ለመኪና ከሁሉ ይልቅ የተመረጠው ሰም የካርናውባ ነው፤ በብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል ላይ ይራገፋል። ከርሱ ጋር እየተደባለቀ፣ ለዕቃም ለቆዳም ለወለልም መወልወያ የሚሆነው ግን የንብ ሰም ነው። የንብ ሰም ደግሞ የኛ ነው! ኢትዮጵያ ዛሬም ቢሆን ሰም በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። አመራረቱም ቢሆን የታወቀ ነው። ጠጅ ይጣላል፤ ማሩ ጠጅ ሆኖ ይጠጣል፤ ላዩ ላይ የሚቀረው ሰፈፍ ይሰበሰባል። ነጋዴው ከየጠጅ ቤቱ ሰፈፉን ይገዛል፣ ያቀልጠዋል፣ ያጠልለዋል፣ አርግቶ ይሸጠዋል። ከዚያ ወዴት? ወደ ባቡር ጣቢያ።

የባቡሩን ታሪክ ሁላችንም በመጠኑ እናውቀዋለን። ውሉ በ1886 ዓ.ም. ተፈቀደ፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፤ ከዚያ በገንዘብና በፖለቲካ ሰበብ ብዙ ዓመት ቆሞ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡሩ ልጅ ናት። መንገደኛው ያድርባት ነበር፤ የጣቢያው ቡፌ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። በዚህ ጣቢያ በኩል ቁልቁል የሚወርደው ቡና፣ ቆዳ፣ ዝባድ፣ ሰም ነው። ሽቅብ የሚወጣው ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ነው፤ መኪናውም፣ መኪናው የሚወለወልበትም ቅባት ከዚያው ውስጥ። ጥሬው ሰም በኩንታል ይወርዳል፤ ፖሊሹ በትንሽ ቆርቆሮ ታሽጎ፣ ቀረጥና ትርፍ ተጨምሮበት ይወጣል። ሁለቱም ጭነት በአንድ ሐዲድ ላይ ሲተላለፉ አዋሽ መሐል ቆማ ታያለች። የቅኔ መምህሮቻችን ሰሙን ገፍፋችሁ ወርቁን አውጡ ይሉናል። እኛ አገር ሰሙም ሄደ፤ ወርቁንም ያወጣው ሌላ ሆነ።

ከመካከላችን አንዱ «ይህ የድሮ ዘፈን ነው፤ ሁሉን በጥሬ ዕቃ ማመካኘት ልማዳችን ሆኗል» ብሎ ተቃወመ። ይሁንለት። ግን የመወልወያው ጨርቅስ?

ጥጡ ከዚሁ ሸለቆ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1950ዎቹ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። በመካከለኛውም አዋሽ እርሻው እየሰፋ ሄደ። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም የጥጥ እርሻ ነበራቸው። በካርታ ላይ ሲታይ ባዶ መሬት ለማ ያሰኛል። ለአፋር አርብቶ አደር ግን የአዋሽ ዳርቻ ባዶ መሬት አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ከብት የሚሸሽበት የበጋ ግጦሽ ነው። ያ ዳርቻ በጥጥ ከተያዘ በኋላ የ1965 እና የ1966ቱ ድርቅ መጣ። ከብቱ የሚሸሽበት አልነበረውም። እርሻዎቹ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ለመንግሥት ሆኑ፤ ሱልጣኑም በዚያው ዓመት ካገር ወጡ፤ ግጦሹ ግን ወደ ከብቱ አልተመለሰም። መኪና በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይወልወል ሲባል እኛ የሚታየን ይኸው ነው።

ወደ መንገዱ እንሻገር፤ ሰመራ የባቡር ሳትሆን የመንገድ ልጅ ናትና። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከደሴ በባቲ፣ በሚሌና በሰርዶ አድርጎ አሰብ የሚደርስ መንገድ ሠራ። ከመንገዱ ጋር ቃላቱን ተወልን። ላቫጆ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖንዳ፣ ባትላሜራ፣ ጎሚስታ። ከሁሉ የሚገርመን «ሊስትሮ» ነው። በጣሊያንኛ የማብራት፣ የማንጸባረቅ ቃል ነው፤ በኛ ዘንድ ግን ብርሃኑ ጠፍቶ ጫማ የሚጠርግ ድኻ ልጅ መጠሪያ ሆነ። መኪኖቹም ስም አላቸው፦ ፊያት 634 ትሬንታ ኳትሮ ተባለ፤ ኋላም ኤንትሬ ነገሠ። ሰርዶን በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት። በ1960ዎቹ ከአዋሽ በገዋኔ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ተሠርቶ የአሰብ ጭነት በዚህ ሸለቆ ይጎርፍ ጀመር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ በጋላፊ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሰመራም ከሎጊያ ጎን በዚሁ መንገድ ዳር በቅላ፣ አይሳኢታን ተክታ የክልሉ ዋና ከተማ ሆነች።

ታዲያ በዚህ መንገድ ላይ ስፖርት መኪና አልፎ ሂያጅ ነው። ያዋሽ ሸለቆ ስፖርት መኪና የከባድ መኪናው ካቢና ነው። ሾፌሩ ከሚስቱ ይበልጥ የሚያድርበት እርሱ ነው፤ ያስጌጠዋል፣ ይወለውለዋል፣ ሲቧጨር ያመዋል። ረዳቱ ማለዳ ተነሥቶ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ያሻሸዋል፤ ለጊዜው መስተዋት ይመስላል። እስከ ገዋኔ ድረስ ነው ውበቱ! ናፍጣው አቧራውን እየጠራ ይለጥፈዋል፤ ሚሌ ሲደርስ መኪናው አፈር ለብሷል።

ለምን ሰም አይቀቡም? እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ትከራከራለች። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል። ሰመራ ላይ አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ቆርቆሮ 70 ሊደርስ ይችላል። ማለዳ የተቀባው የንብ ሰም እኩለ ቀን ላይ ቅባት ሆኖ ይወርዳል። ካርናውባው ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሚቀልጥ ይቆማል፤ እርሱ ግን ከብራዚል ነው፣ ዋጋውም እንደ መንገዱ ርዝመት ነው። ውሃውም ችግር አለው፤ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ከመጠረጉ በፊት ይደርቅና ነጭ ጠብታ ትቶ ይሄዳል። በዚህ ላይ የአፍዴራ ጨው የሚጭነው መኪና አለ። ጨው ቀለሙ በተጫረበት በኩል ገብቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላል። እዚያ ሰም ጌጥ አይደለም፤ ልብስ ነው።

የአፋር ጎልማሶች ጸጉራቸውን ጠቅልለው ቅቤ የሚቀቡት ለማማር ብቻ የሚመስለው የደጋ ሰው ይኖራል። እኛም መስሎን ነበር። በዚያ ፀሐይ ሥር ሦስት ቀን ከዋልን በኋላ አመለካከታችን ተለወጠ። ደግሞም ቅቤ ቢቀልጥ ጸጉር ይጠጣዋል፤ ቆርቆሮ ግን አይጠጣም።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ቀደም ባለው ጊዜ የውጭ ፋብሪካዎች በመርከብ የሚልኩት አዲስ መኪና ሙሉ አካሉ በወፍራም ሰም ይለበጥ ነበር፤ የባሕር ጨውና ፀሐይ እንዳይነካው። እንዲህ ያለ መኪና ሲታይ የደፈረሰ፣ የቆሸሸ፣ አስቀያሚ ነው። ከደረሰበት አገር በላምባና በሙቅ ውሃ ሰሙ ተገፎ ሲወለወል ነው የሚያበራው። እንግዲህ በረሃውን የሚሻገረው ውበቱን ሸፍኖ ነው። የሚገለጠው ከተማ ሲደርስ፣ በገዢው ፊት ነው። የበረሃው ሰው ያየው ሰሙን ብቻ ነው።

ዛሬ ሰሙን ፕላስቲክ ተክቶታል። ሰመራ በደረስን በማግሥቱ፣ ደረቅ ወደቡ ባለበት ከተማ፣ መንገድ ዳር ቆመን መኪና የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ቆጠርን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ አሁን የሚያልፉት የኤሌክትሪክ ናቸው። ኮፋኗቸው በነጭ ላስቲክ ተለጥፏል። ቀለማቸው እንኳ በውል አይታይም። የኤሌክትሪኩ ባቡርም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ የድሮው ሐዲድ አዋሽ ላይ ዝጎ ተቀምጧል።

ከመኪኖቹ አንዱ ሎጊያ ላይ ጎማ ሊያስተካክል ቆመ። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ግድም ልጅ ባልዲውን ይዞ ሮጠ፤ የተጫኑትን ሳይሆን የጫነውን መስተዋት አጠበ። አልቸኮለም። መጀመሪያ ውሃ አፈሰሰ፣ አቧራው እስኪወርድ ጠበቀ፣ ከዚያ ነው ጨርቁን ያሳረፈው። አዋሽ ላይ ሾፌሩ የነገረንን ይህ ልጅ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ማን አስተማረህ አልነው።

«መስተዋት ጭሬ ተመትቼ ነዋ!» አለ እየሳቀ።

ሾፌሩ ሳንቲሙን በመስኮት ወረወረለትና ሄደ። ልጁ ጨርቁን ጨመቀ፣ አራት አጠፈ፣ ባልዲው ጠርዝ ላይ ሰቀለ። ቀጥሎ ወደ እግራችን ተመለከተ። ከአዋሽ ጀምሮ የተሸከምነው አቧራ ጫማችንን አንድ ዓይነት ቀለም አድርጎታል።

«ጋሼ፣ እሱንስ?»