ልዑል ዓለማየሁ በባሕር ዳር አገር

በንፋስ መውጫ ባደግንበት ዘመን «ባሕር» ሲባል በአሳባችን የሚመጣው ጣና ነበር። ከዚያ የሚሰፋ ውሃ እንዳለ ብንማርም ልባችን በቀላሉ አይቀበለውም። እንግዲህ የዚሁ የበጌምድርና የወሎ ደጋ ልጅ በ7 ዓመት ዕድሜው ድንገት ውቅያኖስ ቢያይ ምን ተሰማው?

ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነሥተው፥ በእኛው በጋይንትና በጨጨሆ ገደል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አቀኑ። ሚያዝያ 6 ቀን በዚያው አምባ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም የእንግሊዝን ጦር ተከትለው ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ዐረፉ። አባትም እናትም ያጣው ልዑል ዓለማየሁ፥ በአገራችን «ባሻ ፈለቀ» ይባል ለነበረው ለሻምበል ስፒዲ ተሰጥቶ ባሕር ተሻገረ።

በሐምሌ ወር በዋይት ደሴት፥ ኦስቦርን በተባለው ቤተ መንግሥት ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ንግሥቲቱም ወደደችው። ከስፒዲ ጋራ የተቀመጠው ግን በደሴቱ ምዕራብ በምትገኘው በፍሬሽዋተር ነው። ከዚያ እስከ ኦስቦርን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለደጋ እግረኛ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እስቲ ያንን መንገድ በአሳባችን እንሂድበት።

በስተ ምዕራብ ጫፍ ነጭ ገደል ከባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ድንጋዩ ጠመኔ ነው፤ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፍበት የነበረው ዐይነት መሆኑ ነው። ከገደሉ የተነጠሉት ሦስት ሹል ዐለቶች «መርፌዎች» ይባላሉ፤ በመጨረሻው ሥር ልዑሉ ከመድረሱ 9 ዓመት አስቀድሞ የተሠራ የመርከብ መብራት ቆሟል። ከገደሉ በላይ ያለው ሣር አጭር ነው፤ ነፋሱም አያባራም። በዚህ በነፋሱ ብቻ ጋይንትን ይመስላል እንላለን። ባለቅኔው ቴኒሰን በዚያው መንደር ይኖር ነበርና ይህን ኮረብታ ይመላለስበት ነበር። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ገደሉ ይቀርና አጥር የተበጀለት እርሻ፥ የበግ መሰማሪያና የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ይከተላል። አገሩ ያማረ ነው፤ ሐሰት አንናገርም።

የቴኒሰን ጎረቤት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው ዓመት ልጁን ፎቶግራፍ አነሣችው። በአገሩ ልብስ ተቀምጧል፤ ዐይኑ ግን ከፊቱ ካለው ነገር ላይ አላረፈም። ስለ መልኩና ስለ ጠባዩ እንግሊዞች ብዙ ጽፈዋል፤ ያንን ባሕር እርሱ እንዴት እንዳየው የሚነግረን ግን የለም። እኛን የሚቈጨን ይህ ነው።

በኋላም በቸልተናምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች ተማረ፤ በ1878 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ ገና በ18 ዓመቱ፥ በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ በዊንድሶርም ተቀበረ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ ይመለስ ዘንድ ጠይቋል። በ2015 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ፥ በአጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሙታን ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግን በስፒዲ ዘመዶች እጅ የቆየች አንዲት የፀጉሩ ዘለላ በለንደን ለኢትዮጵያውያን ተሰጠች።