የዓሣ ስም በፔራክ ደን

በሰሜን ምዕራብ ማሌዢያ፣ በላይኛው ፔራክ፣ በሌንጎንግ አካባቢ ላኖህ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። ብዛቱ ጥቂት መቶ ነው። ድሮ በደን እየተዘዋወረ ያድን፣ የደን ምርት ለጎረቤት ይሸጥ ነበር፤ አሁን በመንደር ሰፍሯል። ማላይኛና የትልቁ ጎረቤት የተሚያር ቋንቋ በየቤቱ እየገቡ ነው፤ የራሱ ቋንቋም እየሳሳ ሄዷል።

ለላኖህና ለዘመዶቹ ስም ያወጡላቸው ሌሎች ናቸው። በቅኝ ግዛት ዘመን «ሳካይ» ይባሉ ነበር፤ ባርነትንና ንቀትን ያዘለ ስም ነው፤ ባሪያ ፈንጋዮችም በእርግጥ ያድኗቸው ነበር። ኋላ መንግሥት «ኦራንግ አስሊ» አላቸው። «ኦራንግ» በማላይኛ ሰው ነው፤ «አስሊ» ደግሞ ሥር፣ መነሻ ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «አስል» የተወሰደ ነው። ይኸው ቃል ስዋሂሊ ገብቶ «አሲሊ» ሆኗል። ምሁራንም የፈረንጅ ቅጥያ ጨምረውበት ቋንቋዎቹን «አስሊያን» አሏቸው። ከባለቤቶቹ አፍ የተገኘው «ሰኖይ» ነው፤ በተሚያርና በዘመዱ በሴማይ ሕዝብ ቋንቋ ሰው ማለት ነው። የመንግሥት መዝገብ ግን ላኖህን ከሰኖይ ወገን አይቆጥረውም፤ መልኩንና አኗኗሩን አይቶ ከሌላ ምድብ አስገብቶታል። ቋንቋው ሲመረመር የተሚያርና የሴማይ እኅት ሆኖ ይገኛል። እኔ የማምነው ቋንቋውን ነው።

ዓሣ በተሚያርና በሴማይ «ካእ» ነው፤ መጨረሻው ጉሮሮ ላይ ድንገት ይቆረጣል። በበርማና በታይላንድ ያሉት ሞኖች፣ በላኦስ ያሉት ክሙዎችም እንዲሁ ይላሉ። ቬትናማዊው «ካ» ይላል፤ መጨረሻ ላይ አይቆርጥም፣ ይልቁንም ድምፁን ወደ ላይ ያነሣል። ቅጠልም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሴማዩ «ሰላእ» በቬትናምኛ «ላ» ሆኗል፣ አሁንም ድምፁ ሽቅብ። ቬትናምኛ እንደ ታይኛ ቃልን በቃና ስለሚለይ ከታይ ወገን ነው ብለው የተከራከሩ ትልልቅ ሊቃውንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 ፈረንሳዊው አንድሬ ኦድሪኩር ቃና ከሌላቸው ዘመዶቹ ጋር አስተያይቶ ምስጢሩን ፈታው፦ ሽቅብ የሚነሣው ቃና የቀረው ከጠፋው የጉሮሮ ቁርጥ ነው። በሚሊዮኖች የሚነገር ቋንቋ የጣለውን ድምፅ የደን ሰዎች ቋንቋዎች ይዘውት ቆይተዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የሥርወ ቃል ግኝት ጥቂት ነው።

ዓይን ላይ ስንደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሴማይ «ማት» ነው፤ ማላይኛው «ማታ» ነው። የደኑ ሰው ከገበያው ሰው ተዋሰ ለማለት ይቸኮላል። ሆኖም ቬትናምኛም «ማት» ይላል፤ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ካሲዎች «ክማት»፣ ሳንታሎች «ሜት» ይላሉ፤ እነዚህ ከማላይ ገበያ ምን አገናኛቸው? የማላዩ «ማታ» በበኩሉ በታጋሎግም «ማታ»፣ በሐዋይኛ «ማካ» ሆኖ የራሱን የባሕር ዘመዶች ይጠራል። የእኛን «ዓይን» ከዐረብኛውና ከዕብራይስጡ ጋር የምናዛምደው በአንድ ቃል መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ያው የድምፅ ሕግ በሌሎች ብዙ ቃላትም ስለሚሠራ ነው። የደኑን ቋንቋዎች ከሞንና ከክመር ጋር በሥርዓት ያስተያየው የቪልሄልም ሽሚት ጥናት በ1901 ታተመ፤ ሰፊውን ቤተሰብ ኦስትሮ-እስያዊ ያለውም እሱ ነው። ይህ ቤተሰብና ማላይኛ ያለበት የባሕሩ ቤተሰብ ከአንድ ጥንታዊ ግንድ ወጡ የሚል ሐሳብም ሰንዝሮ ነበር፤ ያ ክርክር አልተዘጋም።

እዚህ ላይ ሥርወ ቃልን የሚያከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። ጄራርድ ዲፍሎት በ1980 እንደጻፈው በሴማዮች ዘንድ የአውሬ ስም እንዲሁ አይጠራም። በአደን ጊዜ፣ ሥጋው ሲበላም፣ ትክክለኛው ስም ይሸሸጋል፤ ተለዋጭ ስም ይተካል። ተለዋጩ ሲለመድ እሱም ስም ይሆናል፤ እንደገና ሌላ መሸሸጊያ ይፈለግለታል። ስለዚህ ዓይንና ቅጠል ሺህ ዓመታት ሲሻገሩ የአውሬ ስም ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ይለዋወጣል።

ስኪትና ብላግደን በ1906 ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ከእነዚህ ሕዝቦች የተለቀሙ ቃላትን በብዛት ይዟል። ዋጋው ትልቅ ነው። ነገር ግን ለአንድ አውሬ የተጻፈው ስም ዋናው ነው ወይስ ተለዋጩ፣ በምን ጊዜ ይባላል፣ በማን ፊት አይባልም፣ ይህን የሚያውቀው ተናጋሪው ነው። የላኖህ የቅርብ ዘመድ ለነበረው ለሳቡም የሚጠየቅ ተናጋሪ አልቀረም። ሌላው ዘመድ ሰምናም ግን በ2009 ኒክላስ ቡረንሁልትና ክላውዲያ ቬግነር ድምፆቹን፣ የአጻጻፍ ሥርዓትና የቃላት ስብስብ አሳትመውለታል። ላኖህም እንዲህ ያለ ሥራ ይገባዋል፤ የአውሬ ስሞቹም ከነተለዋጮቻቸው፣ ከነክልከላቸው ይመዝገቡ፤ የሚናገሩት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት አሉ።