ስለ ካሳቫ በሽታና ስለ አር ኤን ኤ ቅርጽ፤ የናሙሎንጌ ታሪክ

ከካምፓላ ከተማ በስተሰሜን 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ናሙሎንጌ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይገኛል። ይህ ጣቢያ በእንግሊዞች ዘመን ለጥጥ ምርምር የተቋቋመ ሲሆን፥ ኋላ ግን የኡጋንዳ ሕዝብ የዕለት ጉርስ ለሆኑት ሰብሎች፥ በተለይም ለካሳቫ፥ የምርምር ቦታ ሆኗል። ካሳቫም በአገራችን በወላይታና በጋሞ የሚታወቅ ተክል ስለ ሆነ፥ ታሪኩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1936 ስቶሪ የተባለው ሊቅ በታንጋኒካ የካሳቫን የቡናማ ሰንበር በሽታ ገለጸ። በ2004 ይኸው በሽታ ከካምፓላ በስተምሥራቅ በሙኮኖ ታየ፤ የናሙሎንጌው ተመራማሪ ታይተስ አሊካይና ባልደረቦቹም በ2007 ይህንኑ አስታወቁ። በሽታው የቅጠሉን ሐመልማል እያጠፋ ያገረጣዋል። ዋናው ጉዳት ግን ከአፈር በታች ነው፤ ተክሉ ለምለም መስሎ ሳለ፥ ገበሬው በመከር ጊዜ ቢቆፍር ለልጆቹ ያሰበውን ሥር ደርቆና ጠቁሮ ያገኘዋል።

የበሽታው ምክንያት ቫይረስ ነው፤ የውርስ ጽሕፈቱም አር ኤን ኤ ነው። አር ኤን ኤ በአራት ፊደላት የተጻፈ ቀጭን ክር ሲሆን፥ በራሱ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ፕሮቲኖችም የሚይዙት እንደ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን እንደ ቅርጹም ጭምር ነው። ይህ ነገር በቅጠል ውስጥ ሐመልማልን በሚይዙት ክሎሮፕላስቶች ተመርምሯል። የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2018 እንዳሳዩት፥ ፒ ፒ አር 10 የተባለው የበቆሎ ፕሮቲን የሚይዘው የተዘረጋውን ክር ነው፤ ክሩ ታጥፎ ፊደላቱ እርስ በርስ ከተጣመሩ መያዙ ይዳከማል። ዳይሰር የተባለው ፕሮቲን ግን በተቃራኒው ድርብ ክር ሲያገኝ ይዞ ይቆራርጣል፤ ሌሎች ፕሮቲኖችም ቁራጮቹን እንደ ምልክት ይዘው፥ ተዛማጅ ጽሕፈት ያለውን የቫይረስ ክር ፈልገው ያጠፋሉ። እንግዲህ ያው መታጠፍ ለአንዱ ፕሮቲን መሰናክል፥ ለሌላው ጥሪ ነው ማለት ነው።

ሊቃውንቱ ይህንን ጠባይ ተከትለው፥ ከቫይረሱ ልባስ ፕሮቲን ጽሕፈት የተወሰደ ክፍል ታጥፎ ድርብ ክር እንዲሆን አድርገው በካሳቫው ውስጥ አስገቡት። በናሙሎንጌ በተከለለ ማሳ የተደረገው ሙከራ በ2012 ሲታተም፥ ከተፈተኑት ተክሎች አንዳንዶቹ በሽታውን በብርቱ መቋቋማቸው ታወቀ። ይሁን እንጂ የምርምር ፍሬ ወደ ገበሬው የሚደርሰው በሕዝብ ውሳኔ ጭምር ነው፤ የኡጋንዳ ፓርላማ በ2017 ስለዚህ ዓይነት ተክሎች ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርሙበት መልሰውታል።

እኛም መምህራን ስለ ውርስ ጽሕፈት ስናስተምር የፊደላትን ቅደም ተከተል በማስጠናት ብቻ መወሰን አይገባንም። አንድ ፈትል በተማሪዎች ፊት አጥፎ ማሳየት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቅርጽ ሥራን እንደሚወስን ግን ያስረዳል። ይህንን በሚገባ የተረዳ ልጅ ነገ የወላይታን ወይም የጋሞን ማሳ ከበሽታ ለመጠበቅ ይበቃል።